ሥጋ ተራ በሳፍሮን ዋልደን

ባለፈው ቅዳሜ በእንግሊዝ ኤሴክስ አውራጃ የምትገኘውን ሳፍሮን ዋልደንን ለሁለተኛ ጊዜ ጎበኘኋት። ከለንደኑ ሊቨርፑል ስትሪት የተነሣው ባቡር የሚያወርደው ኦድሊ ኤንድ ጣቢያ ስለሆነ ቀሪውን መንገድ በአውቶቡስ መጨረስ ግድ ነው፤ እስከ ከተማዋ ይዘልቅ የነበረው የባቡር መሥመር እ.ኤ.አ. በ1865 ተከፍቶ በ1964 ተዘግቷል።

ከተማዋ ቀድሞ ቺፒንግ ዋልደን ትባል ነበር። «ቺፒንግ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ገበያ ማለት ነውና፣ ስያሜው የእኛን ሮብ ገበያ ይመስላል። በ1141 የአካባቢው ባላባት ጄፍሪ ደ ማንደቪል፣ በአጎራባቿ ኒውፖርት ይቆም የነበረውን ገበያ በራሱ ግንብ ሥር ወዳለችው ዋልደን እንዲያዛውር ከእቴጌ ማቲልዳ ፈቃድ አገኘ። ገበያ ባለበት ቀረጥ አለና፣ የኒውፖርት ሰዎች እንዴት እንደከፋቸው መገመት አያዳግትም።

የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በስፋት ይመረትባት ከነበረው ሳፍሮን ነው። እርድ እንዳይመስላችሁ፤ እርድ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ሲሆን፣ ሳፍሮን ግን በመከር ወራት ከሚፈካ ሐምራዊ አበባ ውስጥ የሚለቀም ቀይ ክር ነው። አንዱ አበባ የሚሰጠው ሦስት ክር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ለማግኘት 150,000 ያህል አበባ በማለዳ በእጅ መቅጠፍ ያስፈልጋል። ለልብስ ማቅለሚያ፣ ለመድኃኒትና ለወጥ ቤት ይፈለግ የነበረው ይህ ምርት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ በሚገባ ርካሽ ሳፍሮን ተሸንፎ ጠፋ፤ ማሳውን የቢራ ገብስ ወረሰው። በብቅልና በቢራ ጠመቃ የበለጸገው የጊብሰን ቤተሰብ ባንክም ከፈተ፤ ይኸው ባንክ በ1896 ተዋሕደው ባርክሌስን ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1848 የተሠራው የእህል መገበያያ አዳራሽ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረኩኝ ግን ከአደባባዩ አጠገብ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን ነጋዴዎች በየሙያቸው ተሰልፈው ድንኳን ይተክሉ ነበር፤ ቀስ በቀስ ድንኳኑ በእንጨት፣ እንጨቱም በቤት ተተካና፣ በድንኳኖቹ መካከል የነበረው የሸማች መመላለሻ ጎዳና ሆኖ ቀረ። የጎዳናዎቹን ስም ወደ አማርኛ ለመመለስ መዝገበ ቃላት አያሻም፦ አንዱ ሥጋ ተራ፣ ሌላው ገበያ ተራ ነው።

ገበያው አሁንም ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። እኔም እንጀራ ባላገኝ ዳቦና አይብ ገዝቼ፣ ሾጣጣ ጉልላቷ በ1832 ወደተሠራላት ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሄጄ፣ አውቶቡሴ እስኪደርስ ተቀምጬ በላሁ።