መውጫ የሌለው ውሃ፦ ከአጫጭር የእንቆቅልሽ ጌሞች የተማርኩትና እስካሁን የደረስኩበት

ጎዶትን (ጌም መሥሪያውን ሶፍትዌር) ከፍታችሁ የመጀመሪያ ሌቭላችሁን ለመሥራት ለምትታገሉ ሁሉ፦ የዛሬው ማስታወሻዬ ከኮድ ይልቅ ስለ መጫወት ያወራል። ሰሞኑን አዲስ ነገር አልጀመርኩም። አጫጭሮቹን የእንቆቅልሽና የዝላይ ጌሞች እየመላለስኩ ስጫወት፣ መሀል ላይ እያቆምኩ ደብተር ላይ ስጽፍ ነው የከረምኩት። ያገኘሁት ነገር ራሴ የምሠራውን የእንቆቅልሽ ጌም አካሄድ ስለለወጠው ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ዋናውን ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጠው። እነዚህ ጌሞች ዝም ማለት የቻሉት አጭር ስለሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። አርባ ሰዓት የሚፈጅ ጌም፣ ተጫዋቹ ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ የት እንደነበረ ይረሳል ብሎ መስጋት አለበት። ስለዚህ ካርታ ይሰጣል፣ የሥራ ዝርዝር ይደረድራል፣ በየመንገዱ ሰው እያቆመ «አሁን ወደዚያ ሂድ» ያስብላል። በሦስትና በአራት ሰዓት የሚያልቅ ጌም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ላይ ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል። ተጫዋቹ ያየውን እንደሚያስታውስ ያምንበታል፤ ስላመነበትም አያብራራለትም። ብዙ የምንወድደው ድባብ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ጭጋግና ጨለማ ማንም መሣል ይችላል። ማንም በማያስረዳችሁ ቦታ ብቻችሁን መቆማችሁ ግን ሌላ ስሜት ነው።

ሊምቦን እንውሰድ። ፕሌይዴድ የተባለው የኮፐንሃገን ስቱዲዮ በ2010 ያወጣው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፤ ዳይሬክተሩ አርንት የንሰን ይባላል። ሁሉ ነገር ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ነው። አንድ ልጅ ጫካ ውስጥ ይነቃል። መሮጥ፣ መዝለል፣ የያዘውን መግፋትና መጎተት ይችላል፤ ሌላ ምንም። ጽሑፍ የለም፣ ንግግር የለም፣ ጥግ ላይ የሚቆጠር ነጥብ የለም። መጀመሪያ አካባቢ ሣር ውስጥ የብረት ወጥመድ አለ። ሳያየው የረገጠ ይሞታል፤ ወዲያው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይነሣል። ትንሽ ቆይታችሁ ወጥመዱ የሚጎተት ዕቃ መሆኑን ታገኛላችሁ። ከዚያ ግዙፉ ሸረሪት ይመጣል። መሣሪያ የላችሁም። ያላችሁ ያ ስትፈሩት የመጣችሁት ወጥመድ ብቻ ነው፤ እሱኑ ጎትታችሁ የሸረሪቱ እግር የሚያርፍበት ቦታ ታስቀምጡታላችሁ።

ይህን ክፍል ደብተር ላይ በታትኜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ይገድላል፣ ቀጥሎ ይንቀሳቀሳል፣ በመጨረሻ ያድናል። አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ትርጉሙ ተለወጠ፤ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አላስፈለገም። ቆየት ብሎ ጭንቅላት ላይ የሚጣበቀው የሚያበራ ትልም ሲመጣም አካሄዱ ያው ነው፦ ልጁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ይገደዳል፣ ብርሃን ሲያገኘው ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ እንቆቅልሹ ሁሉ በዚህች አንድ ሕግ ላይ ይገነባል። ሠሪዎቹ ይህን አሠራር «ሙከራና ሞት» ብለውታል። ጌም ለምንሠራ ለእኛ ትምህርቱ ከሞት በኋላ የሚነሣበት ቦታ ቅርበት ላይ ነው። ሞት አስተማሪ የሚሆነው ወደ ኋላ ርቆ ካልመለሰ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ ተጫዋቹ የሚማረው መናደድን ነው።

ዘዴው ከሊምቦም አልጀመረም። ፈረንሳዊው ኤሪክ ሻሂ በ1991 ከሙዚቃው በቀር ብቻውን ማለት በሚቻል ሁኔታ የሠራው አናዘር ወርልድ ስክሪኑ ላይ ምንም ዓይነት ምልክት ሳያስቀምጥ፣ ተጫዋቹን ባዕድ ዓለም ውስጥ ጥሎ ነው የሚጀምረው። የዘር ሐረጉን ማወቅ ለሚፈልግ ከዚያ ቢጀምር እመክራለሁ።

ስለ ድምፅ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ድምፅን መጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር አድርገን ነው የምናስበው። የሊምቦንም ሆነ በ2016 የወጣውን የኢንሳይድን ድምፅ የሠራው ማርቲን ስቲግ አንደርሰን ነው። ሊምቦ ውስጥ ዜማ ተብሎ የሚያንጎራጎር ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ነፋስ፣ ጉምጉምታ፣ የማሽን ጩኸት ነው፣ የትኛው ሙዚቃ የትኛው የቦታው ድምፅ እንደሆነ አይለይም። ለኢንሳይድ ደግሞ ድምፆቹን በእውነተኛ የሰው የራስ ቅል ውስጥ አሳልፎ ቀድቷቸዋል፤ ስለዚህ ከውጭ ሳይሆን ከራሳችሁ አጥንት ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ኢንሳይድ ውስጥ ልጁ ሞቶ ሲነሣ ድምፁ ተቆርጦ እንደ አዲስ አይጀምርም፤ ይቀጥላል። አንድ ቦታ ላይ ስትወድቁ ስትነሡ ያው ድምፅ ሲያጅባችሁ፣ ሞቱ ጨዋታውን የሚያቋርጥ ነገር መሆኑ ይቀራል። ይህችን ነገር ከሰማሁ በኋላ ሌሎች ጌሞች በየሞቱ ሙዚቃቸውን ከመጀመሪያው ሲያነሡ ጆሮዬ ይቆጣል።

ሐዋሳ ላለን ሰዎች እነዚህ ጌሞች ለምን ብዙም እንዳልደረሱን አስቤበታለሁ። አብዛኞቻችን ጌምን ያወቅነው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ኳስ ነው፤ ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ ጩኸቱና ከኋላ ቆሞ የሚያስተምረው ሰው የደስታው ግማሽ ነው። እኔም እዚያ ነው ያደግኩት፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን ጨለማ ክፍልና ኢርፎን የሚፈልግ፣ አንድ እንቆቅልሽ ላይ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ የሚያስቀምጥ ጌም በዚያ ሒሳብ አይሆንም። የሚሆነው ቤት ውስጥ፣ በላፕቶፕ ወይም በስልክ ነው። ሊምቦም ግሪስም በስልክ ይገኛሉ፤ ያረጀ ላፕቶፕም ሊምቦን ያለ ችግር ያጫውታል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ደግሞ በአንድ የባትሪ ሙሌት ብዙ ርቀት የሚያስኬድ ጌም መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህም የሚበልጠው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የአክስቴ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቤት አማርኛ ያወራል፣ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ሲዳምኛ ያወራል፣ እንግሊዝኛው ገና ነው። ትልልቆቹን ጌሞች ሲጫወት ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ ያያል። ግሪስን ስሰጠው አልዞረም። ግሪስ የባርሴሎናው ኖማዳ ስቱዲዮ በ2018 ያወጣው ሲሆን፣ ቀለም ያጣ ዓለም ውስጥ የምትሄድ ሴት ልጅ ታሪክ ነው፤ ቀለሞቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ሞት የለበትም። ቀሚሷ ከባድ ድንጋይ የመሆን ችሎታ ስታገኝ ምን እንደሚያደርግላት ማንም አይናገርም፤ አውሎ ነፋስ ይመጣና ወደ ኋላ ይገፋታል። ልጁ ሁለቴ ከተገፋ በኋላ ራሱ ድንጋይ አደረጋት፣ ነፋሱም አለፈ። በማንም ያልተተረጎመለትን ነገር እንደ ሠሪዎቹ አድርጎ ተረዳው። አማርኛ ተናጋሪ ተጫዋች ከባርሴሎና ተጫዋች እኩል የሚቆምበት ጌም ስንት ነው? ለማነጻጸር ቶማስ ዋዝ አሎንን ተመልከቱ። ማይክ ቢተል በ2012 ያወጣው ድንቅ ጌም ነው፣ አራት ማዕዘን ቅርጾች ብቻ ናቸው ገጸ ባሕሪያቱ፤ ነፍሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ተራኪው ድምፅ ውስጥ ነው ያለችው። ድምፁን ያልተከተለ ሰው ግማሹን አጥቶታል። (ወላጆች፦ ሊምቦን ለሕፃን አትስጡ። በጥላ የተሣለ ቢሆንም ጭካኔው ጭካኔ ነው።)

ሊምቦ ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ነበር፤ ለዚህ ርዝመት በዛ ብለው የተቹት ጥቂት አልነበሩም። በብር ስናስበው እኛም የምናነሣው ጥያቄ ነውና አልንቀውም። ግን ሚዛኑ ሰዓት መሆን የለበትም እላለሁ። ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ የሆነው ዲኖ ፓቲ ከሠሩት ውስጥ አብዛኛውን እንደጣሉት ተናግሯል። የሚገዛው ያ የተጣለው ጭምር ነው፤ የቀረችው አንዷ እንቆቅልሽ አጠገቧ ደካማ ጎረቤት እንዳይኖራት የተከፈለው።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ። የሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይገባል፣ በወንዝ የሚወጣ የለም። የጌሜ ሕግ ይህ ብቻ ነው፦ ውሃ ይገባል እንጂ አይወጣም። ገጸ ባሕሪዬ ዋና አይችልም። ሳጥን ግን ይንሳፈፋል። አንድ መዝጊያ ስትከፍቱ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ማጉደል አይቻልም፤ ስለዚህ ሳጥኑ የት መቆም እንዳለበት ከመክፈታችሁ በፊት ማሰብ አለባችሁ።

ጎረቤቴን ጌሙን እንዲሞክር አስቀምጬ ዝም ብዬ ስመለከተው መዝጊያው ላይ ቆሞ መልሶ የሚዘጋበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። የማይመለስ ነገርን ለማስተማር መጀመሪያ የማይጎዳ ምሳሌ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ትንሽ ገንዳ ጨመርኩ፤ ጉልበት እንኳ የማይደርስ ውሃ ይሞላዋል፣ እንደሞላም ይቀራል። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ከባድ ነበር፦ የማይመለስ ነገር ያለበት እንቆቅልሽ ተጫዋቹን የትም የማያደርስ ቦታ ላይ አስሮ ሊያስቀረው ይችላል። መፍትሔው ከሊምቦ መጣ። ሳጥኑ ያለ ቦታው ከሆነ ውሃው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ገጸ ባሕሪዬ ላይ ይደርስበታል፣ ይሞታል፣ መዝጊያው ፊት እንደ አዲስ ይነሣል። ሞቱ ከመታሰር ያወጣዋል።

ዝላዩ ላይ አንድ ነገር ለጀማሪዎች ልናገር፤ ከገደል ጫፍ እግሩ ከለቀቀ በኋላ ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል አሁንም መዝለል እንዲችል ፍቀዱለት። ጎዶትን እንደ መጣ ስትተዉት ፊዚክሱን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚያሰላ ስድስት ዙር ማለት ነው። ማንም አያየውም፣ ግን ያለዚህ ተጫዋቹ «ተጭኜ ነበር እኮ» ይላል፣ ልክም ነው።

ሥዕሉን በተመለከተ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ቁሙና ተመልከቱ። ቅርቡ ጀልባና ዓሣ አጥማጁ ጥቁር ነው፣ ቄጠማው ትንሽ ይፈዛል፣ ከማዶ ያለው ተራራ ከሰማዩ ለመለየት ያስቸግራል። የቀረበ ይጠቁራል፣ የራቀ ይነጣል። አራት ግራጫ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ እያንዳንዱ በተለያየ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ንጣፍ ላይ። ሥዕል የማይችል ሰው እንኳ በዚህ ብቻ ጥልቀት ያገኛል፣ ደካማ ላፕቶፕም ይችለዋል።

የቀረኝ ድምፁ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት በስልክ ቀድቼ ሞክሬ ነበር፤ የዓሣው ገበያ ግርግርና የአባ ኮዳዎቹ ክንፍ ደስ ይላል፣ ለጌሜ ግን ብዙ ሰው አለበት። የምፈልገው የመቅዘፊያ ድምፅና ውሃ እንጨት ሲመታ ነው፤ አንድ ጀልባ ያለው ሰው ማልዶ ሊወስደኝ ተስማምቷል። እንደ ኢንሳይድ ድምፁ በሞት መሀል ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ማጫወቻውን ከሌቭሉ አውጥቼ ለብቻው አስቀምጫለሁ፤ ሌቭሉ እንደ አዲስ ሲጫን እሱ አይነካም።

ሦስት ክፍሎች አሁን ይሠራሉ። ሐዋሳ ያላችሁና ለመሞከር ፈቃደኛ የሆናችሁ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ፤ ኢርፎን ያዙ። ሊምቦን ያልተጫወታችሁ ብትሆኑ ይበልጥ እፈልጋችኋለሁ፤ ይህን ዓይነት እንቆቅልሽ የለመደ ሰው ሳጥን ባየ ቁጥር ይገፋዋል፣ እኔ ግን ማየት ያለብኝ ሳጥኑ ራሱ «ግፉኝ» ማለት መቻሉን ነው።