እሽ ስል ኖሬ

ቅዳሜ ጠዋት። ውሃ ከጠፋ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በጀሪካን ካጠራቀምኳት ላይ ግማሽ ጆግ ቀንሼ ለወፎቹ አፈሰስኩላቸው፤ በተረፈው ፊቴን ታጠብኩ። ማንን እንዳስቀደምኩ ያስተዋልኩት ፎጣውን ስሰቅል ነው።

ደብተሩን የከፈትኩት ግን ስለ ውሃ ላማርር አይደለም። ያ ወፍ ቁጥቋጦዬ ላይ፣ ራስ ክምሩ ላይ መጣ! ሁለት ዓመት የጠበቅኩት። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ነው፣ ተራ ነገር። ፀሐይ ስታርፍበት ግን ጭንቅላቱ ነሐስ፣ ደረቱ ሐምራዊ ይሆናል። ምንቃሩ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ብርቱካናማውን አበባ አንድ በአንድ እየመጠጠ ግንዱን ዞረው። ፈረንጆቹ የሚጠሩት በተከዜ ወንዝ ስም ነው። የወንዛችን ስም ወጥቶለት እኔ እስከ ሠላሳ ምናምን ዓመቴ አላውቀውም ነበር።

ስለ እሱ በደንብ ልጽፍ ነው።

ግቢውን ታውቁታላችሁ። ከሰርቪሷ በር እስከ አጥሩ ስምንት እርምጃ። ስገባ ግማሹ ሊሾ፣ ግማሹ የተሰበረ ብሎኬትና የዛገ ቆርቆሮ ነበር። አከራዬ እትዬ የቀረውንም ሊሾ ሊያስደርጉት ነበር። «ቁጥቋጦ እባብ ይጠራል» ይላሉ። እባብ እዚህ ሰፈር? እባቡ ራሱ ኪራዩን አይችለውም። ለምኜ ለምኜ አጥሩ ሥር ያለችውን ጠባብ መሬት አስቀረኋት። ራስ ክምር ተከልኩ፣ ሬት ተከልኩ፣ ጥግ ላይ አንዲት የወይራ ችግኝ። ኪራይ ቤት ውስጥ ወይራ የሚተክል ሰው ምን እንደሚባል እናንተ ንገሩኝ።

የውሃው ዕቃ የእትዬ የተሰነጠቀ ምጣድ ነው። ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩት፣ ጠርዙን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ሁለት ጣት ውሃ ይይዛል። ለወፍ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ጥልቅ ከሆነ አይገቡበትም። ሲሚንቶው ሻካራ ስለሆነ እግራቸውን አያንሸራትታቸውም። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሳፋ ነበር ያደረግኩላቸው። ዳሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አይተው ሄዱ። በየሁለት ቀኑ ውሃውን እቀይራለሁ፤ ካልሆነ ቢምቢ ይፈለፈልበታል፣ እትዬም ሰበብ ያገኛሉ።

ምጣዱን በመጀመሪያ ያኖርኩት ራስ ክምሩ ሥር ነበር፣ ጥላ አለው ብዬ። ለካ ለድመቷ ምሳ ነው ያቀረብኩላት። ቁጥቋጦው ውስጥ ተኝታ ትጠብቃለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ላባ ብቻ አገኘሁ። አሁን ሦስት እርምጃ አርቄዋለሁ። ድመቷ ብትወረወር ለመብረር ጊዜ ያገኛሉ፤ ጭልፊት ከላይ ቢመጣ ደግሞ ቁጥቋጦው አይርቃቸውም። ሦስት እርምጃ። የኔ አጠቃላይ ዕውቀት ይሄው ነው።

አገሪቱ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት። እኔ ጋ የመጡት ዘጠኝ ናቸው፣ የዛሬውን ጨምሮ። ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ርግብ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ጋጋኖ አይቆጠርም፤ ከላይ እየጮኸ ያልፋል እንጂ ወርዶ አያውቅም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም የለም። እሱም ይሄን የሰማ ይመስል ገና ሳይነጋ ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ያቺ ጅራተ ረዥም ግራጫዋም አለች፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ የምትሽሎከለከው። ስድስት ሰባት ሆነው ነው የሚመጡት። የእትዬን ጎመን ቅጠል በቅጠል ጨረሱት። «አባጨጓሬ ይሆናል» አልኩ።

የመስቀል ወፍ ደግሞ እኔ ነኝ፣ እንደ እማዬ አባባል። በዓመት አንዴ ብቅ ስለምል። ባለፈው ምን አነበብኩ መሰላችሁ፤ በመስከረም ቢጫና ጥቁር ለብሰው ሣር ለሣር የሚታዩት ወንዶቹ ወፎች መራቢያቸው ሲያልፍ ላባቸውን ይቀይራሉ። ቡናማ ይሆኑና ከድንቢጡ መሀል ማንም አይለያቸውም። ጠፉ የምንላቸው እዚሁ ልብስ ቀይረው ነው። ለእማዬ ልነግራት አስቤ ተውኩት። «ታዲያ አንተ የት ነህ?» ነው የምትለኝ።

እህሉን የምገዛው ታች ካለው ወፍጮ ቤት ነው። እትዬ የተረፈ ድርቆሽ ይበትኑላቸዋል፤ ወጥ የነካውን እንዳይሰጡብኝ ለምኛቸዋለሁ፣ ጨው ለወፍ አይሆንም። እኔ ግን ማሽላ ነው የምሰጠው። መጀመሪያ ቀን ልጅቷ እየሰፈረችልኝ፣

«ለጠላ ነው?» አለችኝ።

«አይ።»

«ለእንጀራ?»

«ለዶሮ ነው» አልኩ።

አሁን ባለፍኩ ቁጥር ስለ ዶሮዎቼ ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት «አልጣሉም እንዴ?» አለችኝ። «ገና ናቸው» አልኩ። እንቁላል እንዳስቀምጥላት አዛኛለች።

ያን የመጀመሪያ ቀን የሰጠችኝ ደግሞ ዘንጋዳ ነበር። ቀዩን ማሽላ። አምጥቼ በተንኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልነካውም። እየመጡ፣ እያዩ፣ እየሄዱ። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ። ዘንጋዳ ይመራል፣ ወፍ አይወደውም፤ እማዬ የማሳውን ዳር ዳር ዘንጋዳ የምትዘራው ለዚሁ አልነበር? ይሄን ሌላ ሰው ቢረሳው ያምርበታል። እኔ ግን የወፍ ጠባቂ ነበርኩ። ጠባቂ ስል ወፍን ከሰው አይደለም። ማሽላን ከወፍ።

ስለ ማማው እዚህ ደብተር ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ እንጃ። አራት ባላ፣ ከላይ የእንጨት ርብራብ፣ የሣር ጥላ። ጥቅምት ላይ ማሽላው ወተት ሲይዝ እኔና ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በፈረቃ እንወጣበታለን። እሱ ጠዋት ሲማር እኔ እጠብቃለሁ፤ እኔ ከሰዓት ስማር እሱ። ቅዳሜና እሑድ ሁለታችንም። ወፍ የሚበላው ማለዳና አመሻሽ ነው፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዛፍ ላይ ያርፋል። ያኔ እኛም እናርፋለን። ጥንቅሽ እየላጥን፣ ልጣጩን ወደ ታች እየጣልን፣ ማን ሩቅ እንደጣለ እየተከራከርን።

ወንጭፉን ጋሼ ራሱ ነው ከቃጫ የሚጎነጉነው። ሲለቀው ጧ! ይላል፤ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያባርራቸው ድምፁ ነው። የኔ ድንጋይ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን የአባዬን የውሃ ቅል ሁለት ቦታ ከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ የገመዱ ኃላፊ ሆንኩ። ከማማው እስከ ማሳው ዳር በተዘረጋ ገመድ ባዶ ጣሳዎች ታስረዋል፣ ስስበው ይንኳኳሉ። ከገመዱ ጋር ጩኸት። እሽሽሽ! በሕይወቴ ከ«እሺ» በፊት የተማርኩት ቃል «እሽ» ሳይሆን አይቀርም።

ግሪሳ የመጣ ዕለት ግን ወንጭፍም ጣሳም ቀልድ ነው። አንዷን በእጅ ቢይዟት ክብደት የላትም፣ 20 ግራም ብትሆን ነው። በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል። ምን አላት? ሚሊዮን ሆነው ሲያርፉ ግን በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። ይሄን ሒሳብ የሠራሁት አሁን፣ ከተማ ገብቼ፣ በስልክ ነው። ያኔ አባዬ ማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ አየው ነበር፤ ያንን ለመረዳት ማባዛት አያስፈልግም።

አንድ ዓመት አውሮፕላን መጥቶ ማደሪያቸው ላይ መድኃኒት ረጨ። በማግሥቱ ልጅ ወደዚያ ድርሽ እንዳይል ተባለ። ሄድን። መሬቱ በወፍ ተሸፍኗል፣ እግር ማሳረፊያ የለም። የሞተው ግሪሳ ብቻ አልነበረም። አንድ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ ወድቋል፤ የታመመውን ወፍ በልቶ ነው። ጋሼ በዱላ አገላብጦ አየውና፣

«ይሄኛው ደግሞ ምን በላብን?» አለ።

አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ጋሼ አሁን ሪያድ ነው። የምንገናኘው በድምፅ መልእክት ነው፤ ስንደዋወል ሁለታችንም ዝም እንላለን። ከአባዬ ወዲህ ማሳውን የሚያርሰው የአጎታችን ልጅ ዘንድሮ አልችልም ብሏል። የእኩል ለሌላ ሰው ይሰጥ ወይስ እንዴት ይሁን፣ መወሰን አለብን። እማዬ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብላ ለእኛ ጥላዋለች፤ እኔ ለጋሼ ጣልኩት። ዛሬ ማለዳ በሩ ላይ ተቀምጬ የአራት ደቂቃ መልእክት ላክሁለት። በደንብ ያሰብኩበት ነው። ሦስት አማራጭ ነበረው፣ የእያንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ተዘርዝሮ። መሥሪያ ቤት የማቀርበው ሪፖርት እንኳ እንዲህ አያምርም።

የሱ መልስ አሥራ አንድ ሰከንድ ናት። መጀመሪያ የኤሲ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ፣ «አንተ፣ ከኋላህ የሚንጫጫው ወፍ ነው?» ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በዚያ በማውቀው ድምፅ፣ ከሆዱ፣ «እሽሽሽሽሽ!»

አለቀ። ስለ መሬቱ አንድ ቃል የለም።

ስድስት ጊዜ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ ድምፁ ይቆራረጣል። ሳቅ ይሁን ምን ይሁን አልለየሁትም። ስልኩም ይሆናል፤ የዚያ ስልክ ማይክ ድሮም አመለኛ ነው።

ማሽላ በኪሎ እየገዛሁ እንደምበትንላቸው ለጋሼ አልነገርኩትም። ለእማዬማ ዋጋውን ብቻ ብነግራት ይበቃል። መሥሪያ ቤት ያሉት ያውቃሉ፤ «አቤት ደግነትህ» ይሉኛል። ደግነት አይመስለኝም። ማማው ላይ ከወፍና ከጋሼ ሌላ ማን ነበር? ማሽላ ቢበተን ደግሞ የሚመጣው አንደኛው ወገን ብቻ ነው።

ይሄን ነገ ሳነበው አፍርበታለሁ። ይቆይ ለጊዜው።

መልስ ልልክለት ተነሳሁ። ግቢው መሀል ቆምኩ። መቅጃውን ተጫንኩ። «ጋሼ፣ የመሬቱን ነገር» ልል ነበር። አፌ ሲከፈት የወጣው ሌላ ነው። እሽሽሽሽሽ! እንደ ድሮው፣ ማሳው ማዶ እንዲሰማ አድርጌ።

ሁሉም አንድ ላይ ተነሳ። ድንቢጦቹ፣ ዋኔዋ፣ ምጣዱ ውስጥ እየታጠበች የነበረችው ርግብ ውሃውን እየረጨች። ድመቷ ቆርቆሮው ላይ ወጣች። እሱም፣ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት፣ ከራስ ክምሩ ተፈናጥሮ በጎረቤት ግንብ ላይ አለፈ። እትዬ መስኮቱን ከፈቱ።

«ምንድን ነው? ሌባ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ወፍ ነው።»

«ወፍ? በገንዘብህ የምትጠራቸውን?»

ምን ይባላል።

ጋሼ ሰምቶታል፣ ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆነዋል። አልመለሰም። ሥራ ገብቶ ይሆናል። መሬቱ እንዳለ ነው፤ ማን ይረሰው? ሰኔ ድረስ ጊዜ አለ እያልን ሰኔ ይደርሳል።

አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ምጣዱ ላይ ማንም የለም። ውሃውም ግማሹ ፈስሷል፣ የማልታጠብበት ውሃ። ስለ ራስ ክምሩ ወፍ በደንብ ልጽፍ ነበር፤ ጅራቱ እንዴት እንደነበር እንኳ አሁን ጠፋብኝ። ረዥም ነበር መሰለኝ።