አራተኛ ፎቅ ላይ ጤናማ ውሎ

መሃል አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኑሮ ሲነሣ የሚሰማው ምሬት ብዙ ነው። ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ኩሽናው ጠባብ ነው። ምሬቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሳይረሳ የሚያዘወትረው ግድ የሚለውን ነገር ነው፤ ደረጃውና የውሃው ፈረቃ ደግሞ በየሳምንቱ ግድ ይሉናል። የጤና ልማድ እነዚህ ላይ ቢታሰር ይጸናል። ጂም ተመዝግቦ ወር ሳይሞላ ከማቆም፣ የራስን ደረጃ በአግባቡ መውጣት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከደረጃው ልጀምር። የአንድ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ እርከን 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ፎቅ 18 እርከን፣ እስከ አራተኛ ፎቅ 72 እርከን ይወጣል ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው 36 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ይህ ለልብ፣ ለሳንባና ለጭን ጡንቻ ትልቅ ነገር ነው። ክብደት ለመቀነስ ብቻ ብሎ የሚወጣ ግን ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አራት ፎቅ ወጥቶ የሚያቃጥለው 10 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ሲኒ ውስጥ የሚገባ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብቻውን ከ30 በላይ አለው።

አወጣጡም ወሳኝ ነው። እግር ሙሉ በሙሉ እርከኑ ላይ ይረፍ፣ ወገብ ቀና ይበል፣ ፍጥነቱ እያወሩ ለመውጣት የሚያስችል ይሁን። አዲስ የሚጀምር ሰው በየፎቁ ማረፊያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይቁምና በየሳምንቱ አንዱን ዕረፍት ይቀንስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ከድሬዳዋ ወይም ከሰመራ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢያለከልክ አይገርምም። ነዋሪው ራሱ ግን ያለ ችግር ይወጣው የነበረውን ደረጃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መቆም ከጀመረ፣ ወይም ደረቱን ከጨነቀውና ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ደም ማነስም የልብ ሕመምም መጀመሪያ የሚታዩት እንዲህ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። ጭንቀቱ አርፈውም ካልለቀቀ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ያስቸግራቸዋል። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሙሉ የሰውነትን ክብደት ስለሚይዝ ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም፣ እጅ ከደረጃው ብረት አይለይ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ተሸክሞ መውጣት ወገብን ያጣምማል። ያንኑ ውሃ በሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከፋፍሎ በግራና በቀኝ መያዝ ሚዛን ይጠብቃል።

ስለ ወላጆቻችን ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ልጆቻቸው «እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ፣ እኛ እናመጣልሻለን» እያሏቸው ቤት ይውላሉ። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን የማይሠራ ጭን በሳምንታት ውስጥ ይከሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም መድረስ ይቸግራቸዋል። ሕመም ካልከለከላቸው በቀን አንድ ጊዜ፣ ሰው አብሯቸው፣ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ይውረዱ። ሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ መተላለፊያ የማይዘጋ አንድ ወንበር ይኑር። ይህን ለማድረግ ማረፊያው ባዶ መሆን አለበት፤ በብዙ ብሎኮች ግን የከሰል ማዳበሪያ፣ የተሰበረ ብስክሌትና ባዶ ጀሪካን ይዞታል። ደረጃና ኮሪደር በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ናቸው፤ ለኮሚቴው «ይነሣልን» ማለት የእያንዳንዱ ነዋሪ መብት ነው። በዚያው ስብሰባ የተቃጠለው አምፖልና የተነቃነቀው የደረጃ ብረትም ይነሣ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጨለማ ውስጥ፣ መጨረሻው እርከን ላይ ነው፤ አልቋል ብሎ ስለሚረግጥ።

በረንዳው ብዙ ቤት ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ቢያንስ አንድ ወንበር የሚያስገባ ቦታ ይለቀቅ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ተነሥቶ በረንዳ ላይ ጥቂት መቆም የእንቅልፍን ሰዓት ያስተካክላል። ለቫይታሚን ዲ ግን የንጋቷ ፀሐይ ደካማ ናት፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ያለችው ትሻላለች። በረንዳቸውን በአሉሚኒየምና በመስታወት የዘጉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ከመስታወት ጀርባ ሕፃን ቢያሞቁት ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አያገኝም። መስኮቱ ይከፈት፣ እጅና እግሩ ይገለጥ፣ ዓይኑ ከፀሐይ ይጠበቅ። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ ወቅት የሚታደለው ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ነው።

ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ለመሙላት መሽቀዳደም ልማድ ነው፤ የመጀመሪያው ባልዲ ግን ለመጠጥ አይሁን። ግፊት ሲጠፋና ሲመለስ ዝገትና ደለል ይለቃል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀ ከሆነ ከውጭ ያለውንም ቆሻሻ ይስባል። ፓምፕን ቀጥታ ከመሥመሩ ጋር አገናኝቶ መሳብ ይህን ያባብሰዋል፤ ለራስ ሲሉ የጎረቤትንም ውሃ መበከል ነው። የደፈረሰውን ለሽንት ቤት አስቀምጦ፣ ሲጠራ ለመጠጥ መቅዳት ነው። ለማፍላት የሚፈልግ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ለቆላ የሚመከረው 1 ደቂቃ ለእኛ አይበቃም። የመጠጥ ዕቃው አፈ ጠባብ ወይም ቧንቧ ያለው ይሁን፤ ኩባያ በተነከረ ቁጥር የእጅ ቆሻሻ አብሮ ይገባል።

ሮቶ ያላቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያጥቡት ጥሩ ነው። ውሃው ሊያልቅ ሲል ይደፋ፣ ግድግዳውና ወለሉ በብሩሽ ይፈተግ። ከዚያ ማሸጊያው ላይ 5 በመቶ የሚል ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ግማሽ ሲኒ (40 ሚሊ ሊትር ያህል) በ10 ሊትር ውሃ አሟሙቶ ውስጡን በሙሉ ማራስ፣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ማለቅለቅ ነው። ጓንት ይደረግ። ትልቅ ሮቶ ውስጥ ብቻውን ማንም አይግባ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አለመጠቀም ይመረጣል።

ከቤት አየር አንፃር ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከሰል ነው። ጭሱ ከጠፋ፣ ፍሙ ከቀላ በኋላም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ክረምት ላይ ለሙቀት ብሎ ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የቤተሰብን ነፍስ የሚቀጥፍ ነገር ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ አብረው ከመጡ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ መጋደም አይገባም። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በደንብ ይፈላል፤ ዕጣኑም መስኮት ተከፍቶ፣ በትንሹ ይጨስ። ጠዋት ጠዋት ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን 10 ደቂቃ መክፈት፣ ቁምሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ማራቅ፣ ክረምት ላይ ልብስን መኝታ ክፍል ውስጥ አለማስጣት፣ እነዚህ ሻጋታን ይቀንሳሉ።

መሃል ከተማ መኖር የሚሰጠው ትልቁ ጸጋ ቅርበት ነው። ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሜክሲኮ አደባባይ በእግር ይደረሳል፤ ከጎተራም መስቀል አደባባይ ሩቅ አይደለም። ታክሲ ከሚጠበቅበት ሰዓት ላይ ግማሹን ብቻ ለእግር መስጠት በቂ ነው፤ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም መንገዱን አቅልለውታል።

እንቅልፍን በተመለከተ ሁለት ነገር። የቡናው ካፌይን ግማሹ ከደም የሚወጣው በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ ነው። ጎረቤት ጠርቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞ ይተኛል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ቡናውን ወደ ረፋድ ያምጣ፤ ከሰዓት ሲጠራም በአቦል ይብቃው፣ ጨዋታው አይቀርበትም። ሁለተኛው ሙቀጫ ነው። የላይኛው ቤት ሲወቅጥ ድምፁ በወለሉ ኮንክሪት ታች ይደርሳል፤ የታችኛው ቤት ሕፃን ካስተኛ ደግሞ ጠብ ይነሣል። ከሙቀጫው ሥር ጎማ ቁራጭ ወይም አራት እጥፍ የሆነ ብርድ ልብስ ማድረግ፣ ሙቀጫውን ከክፍሉ መሃል አንሥቶ ምሰሶ አጠገብ ማስጠጋት ድምፁን በጣም ያለዝበዋል። የመውቀጫውን ሰዓት ደግሞ ከታች ካሉት ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ማድረግ ነው።