«ዘጠና ሦስት» የቱ ነው? የዩኒቨርሲቲ ትዝታን ስለ መቅረጽና ስለ ማስቀመጥ

አንድ የቀድሞ መምህር «ዘጠና ሦስት ላይ ግቢው ሲታመስ…» ብለው ሲጀምሩ ጠያቂው እዚያው ላይ «በማን አቆጣጠር?» ካላለ ቅጂው ግማሽ ዋጋውን አጣ ማለት ነው። በፈረንጅ 1993፣ በእኛ 1985፣ ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባረሩበት ዓመት ነው። በእኛ 1993 ደግሞ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን ያሉ ተማሪዎች የተነሡበትና ረብሻው ከስድስት ኪሎ አልፎ ከተማውን ያዳረሰበት ነው። ሁለቱም በሚያዝያ፣ ሁለቱም እዚያው ግቢ። ሠላሳ ዓመት ውጭ አገር የኖረ ሰው የመጀመሪያውን፣ እዚሁ የቀረው ሁለተኛውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ድምፁን ወደፊት የሚሰማው ሰው ግን ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም።

ቀረጻው የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው የተባለውን ነገር ከዓመት፣ ከቦታና ከሰው ጋር አስሮ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ መቅረጫው ከመከፈቱ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ በግራ የእኛ ዓመት፣ በመሀል የፈረንጅ፣ በቀኝ ተናጋሪው በዚያ ዓመት የት እንደነበሩ፣ ማለትም ስንተኛ ዓመት፣ የትኛው ዲፓርትመንት፣ የትኛው ዶርም። በሠንጠረዡ ላይ ማንም የማይስታቸውን ጥቂት ችካሎች አስቀድማችሁ ትከሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አራት ኪሎ ላይ ማስተማር የጀመረበት 1943፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል የተመረቀበት ታኅሣሥ 9 ቀን 1954፣ «መሬት ለአራሹ» ሰልፍ የካቲት 1957፣ አብዮቱ 1966፣ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር የተላከበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታኅሣሥ 1967። ዓመቱን የረሳ ሰው «ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ?» ሲባል ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመልሳል።

ዓመት ሲቀየር የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ ያው ነው። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ታኅሣሥ 23 (አንዳንድ ዓመት 22) ስለሚውል ከመስከረም እስከዚያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው የተገደለው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ነው፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 28 ቀን 1969። በጥድፊያ 8 የደመረ ሰው 1970 ብሎ ይጽፋል፤ ያ ቁጥር አንዴ ካታሎግ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ይኖራል። ተናጋሪው የተጠቀሙበትን ቁጥር እንዳለ ጻፉ፣ ቅያሬውን ከጎኑ አድርጉ እንጂ አንዱን በሌላው አትተኩ።

ሌላም የሚያደናግር አለ። ከ1957 ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው የሚያገለግሉበት «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» ነበር። ሦስተኛ ዓመትን በ60 ጨርሼ አራተኛን በ62 ጀመርኩ የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ 61ን አንድ የገጠር ከተማ ሲያስተምር ነው ያሳለፈው። ይህን ያላወቀ ጠያቂ ሽማግሌውን ሊያርም ይነሣና ጨዋታውን ያበላሻል። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻም ዩኒቨርሲቲውን ለመደበኛ ትምህርት ስለዘጋው የዚያ ዘመን ተማሪዎችም የትምህርት ዓመታቸው ይሰበራል።

የቦታ ስም ከዓመት አይተናነስም። ስድስት ኪሎ ያለው አንድ ሕንፃ ለአንዱ ገነተ ልዑል፣ ለሌላው ራስ መኮንን አዳራሽ፣ ለሦስተኛው ሙዚየሙ፣ ለአራተኛው ኢትዮጵያ ጥናት ነው። አምስት ኪሎ ያለው ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እየተባለ መጥቷል፤ «ሕንፃ ኮሌጅ» ያሉት ደግሞ ልደታ ነው። «ዩኒቨርሲቲ እያለን» የሚል የአለማያ ወይም የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተማሪም ትክክል ነው፤ ሁለቱም በጊዜው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበሩ። መፍትሔው ወረቀትና እርሳስ ነው። የግቢውን ንድፍ ባዶውን አትማችሁ ያዙ፤ «እስቲ የት ጋ ነበር?» ብላችሁ እርሳሱን ስጧቸው። እጅ ምላስ የረሳውን ያስታውሳል። ወረቀቱ ላይ ቀንና ስም ጻፉበትና ከቅጂው ጋር አኑሩት።

ስም ሲነሣ ከነአባት፣ ከተቻለ ከነአያት ይጠየቅ። በዚያ ዘመን ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነበር፤ በኅቡዕ የሠራ ደግሞ የድርጅት ስም አለው። ሦስቱም በአንድ የስሞች ሠንጠረዥ ላይ በየራሳቸው ዐምድ ይመዝገቡ። የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ራስ ምታት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሰ፣ በሠ፣ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሌላ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ በስሞቹ ሠንጠረዥ ላይ ለአጻጻፉ ሁለት ዐምድ ያስፈልጋል፦ አንዱ ባለቤቱ እንደሚጽፈው፣ ሌላው ለፍለጋ ብቻ፣ ሀሐኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ጠቅልሎ የሚጻፍ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የታተመ ማስታወሻ ብዙ ነው፤ ተናጋሪዎቹም አንብበውታል። «ንቅናቄው እንዴት ነበር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ያዩትን ሳይሆን ያነበቡትን፣ ያውም እንደ ንግግር የተዘጋጀ ነው። ማንም ያላሳተመውን ጠይቁ። ዶርሙ ውስጥ ስንት አልጋ ነበር? የማን ትራስ ከማን ትራስ ጎን? ምግብ ቤት ሰልፉ ከየት ይጀምር ነበር? ጽሑፍ በስቴንስል (በሰም በተቀባ የማባዣ ወረቀት) ተመትቶ ሲባዛ ማሽኑ የማን ቢሮ ነበር፣ ቀለሙንና ወረቀቱን ማን ይሰጣል? ይህችኛዋ ጥያቄ በተለይ ሁለት በር ትከፍታለች፤ ያው ማሽን ቀን የመምህሩን ሃንድአውት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ያባዛ እንደነበር ራሳቸው ያነሡታል። መምህር ከሆኑ የመጀመሪያ ኮርሳቸውን አውትላይን፣ መማሪያ መጽሐፉ ከየት እንደመጣ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የጎደለው ምን እንደነበር፣ ፈተና እንዴት እንደሚታረም ጠይቁ። ከኢየሱሳውያኑ መምህራን እስከ ምሥራቅ አውሮፓዎቹ ያለውን ለውጥም ከክፍል ውስጥ ልማድ ተነሥታችሁ ጠይቁ፤ ማን ስም ጠርቶ ይቆጣጠር ነበር፣ ከማን ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር።

ብዙ ፕሮጀክት የሚረሳቸው ሰዎች አሉ፦ ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች)፣ የምግብ ቤት ሠራተኞች፣ የሬጅስትራር ጸሐፊዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ዘበኞች። ተማሪ አራትና አምስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፤ እነሱ ሠላሳ ዓመት ግቢውን አይተውታል። ካርድ የሌለው ሰው በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ከዘበኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አነጋገሩ ላይ፣ ተናጋሪው «ፕሮፌሰር» ወይም «ዶክተር» መባል የለመዱ ከሆነ በዚያው፣ ካልሆነ ጋሼ ወይም እትዬ፤ ሁልጊዜ በእርስዎ። ወጣት ጠያቂ ታላቁን መሀል ላይ ካቋረጠ ባለጌ ይባላል፣ ካላቋረጠ ደግሞ ዓመቱ ያመልጠዋል። የሚሠራው ዘዴ ማስታወሻ ይዞ፣ ትንፋሽ ሲወስዱ «ቅድም ያነሡት ነገር፣ ስንተኛ ዓመት ሆነው ነው?» ብሎ መመለስ ነው። አንድ ቀጠሮ ከ90 ደቂቃ አይለፍ፤ ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ ይሁን፤ በመሀሉ ብዙ ነገር ትዝ ይላቸዋል። የቡድን ውይይት መጀመሪያ ላይ አይመከርም። አምስት የአንድ ባች ሰዎች አብረው ሲቀመጡ አንዱ ይናገራል፣ አራቱ «እሱ እንዳለው» ይላሉ። እያንዳንዱን ለብቻው ጨርሳችሁ ፎቶ ለመለየት ስትደርሱ ሰብስቧቸው።

ለድምፁ መልካም ስልክና አንገትጌ ላይ የሚሰካ ማይክ ይበቃል። ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ ነጠላው ወይም ሻርፑ እንዳይፍቀው ተጠንቀቁ። ፋይሉ ዋቭ፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ በሞኖ ለአንድ ሰዓት 520 ሜጋባይት ግድም ይፈጃል፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አስለቅቁ። የድምፅ መለኪያው ጮክ ሲሉም ከዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቆይ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ የሚደወል ጥሪ በብዙ ስልክ ላይ ቅጂውን ይቆርጠዋል። ካፌ አይሆንም፣ የማኪያቶ ማሽኑ ድምፅ ከማንኛውም ቅጂ አይወጣም። ቀበና ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ቤት ሳሎኑ መጋረጃና ምንጣፍ ስላለው ከቢሮ ይሻላል፤ ፍሪጁን ብቻ ለጊዜው ንቀሉ (የመኪና ቁልፋችሁን ፍሪጁ ላይ ብታስቀምጡት ሳትሰኩት አትሄዱም)። ቡናው ከቀረጻው በኋላ ይወቀጥ። በክረምት ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሚሰማ ነገር የለም። የዓርብ ቀትርን፣ በጾም ደግሞ ከሰዓት የሚቀደስበትን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መቅረጽን ተዉ።

ዋሽንግተን ያሉ ተመራቂዎችን ለመቅረጽ የኢንተርኔት ጥሪውን ራሱን አትቅረጹ። ሁለቱም ወገን በየስልኩ የራሱን ድምፅ ይቅረጽ፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፣ በኋላ በጭብጨባው ይገጣጠማል። ድምፁንም ሆነ ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩ «እንደ ፋይል» እንዲልኩ ንገሯቸው፤ ፎቶ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳል፣ ከዚያ የተመራቂዎቹ ፊት ሲጎላ ጭጋግ ነው።

በእኛ የ1969 እና የ1970፣ የቀይ ሽብር ዘመን፣ ወሬ ሲነሣ መቅረጫውን ስለ መዝጋት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በዚያ ዘመን ከተቀናቀኑት ፓርቲዎች ኢሕአፓም ይሁኑ መኢሶን፣ ተናጋሪው የሚጠሩት ስም የሕያው ሰው ወይም የልጆቹ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ሦስት ምርጫም ይኑረው፦ አሁኑኑ ክፍት፣ እስከ ተወሰነ ዓመት ዝግ፣ ከፊሉ ዝግ። ከቀረጻው በፊት ሳይሆን በኋላ፣ የተናገሩትን ካወቁ ወዲያ አስፈርሙ፤ ከሰሙት በኋላም የመለወጥ መብት ይኑራቸው። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም ወጥቷል፤ «ለታሪክ ነው» ማለት ብቻ ፈቃድ አይሆንም። የሦስተኛ ወገን ስም ያለበትን ደቂቃ ለሕዝብ በሚቀርበው ቅጂ ላይ ዝም አሰኙት እንጂ ከዋናው አትቁረጡ።

ፒያሳና አራት ኪሎ ሲፈርስ ከየቤቱ ብዙ ወረቀት ተጓጉዟል፤ ቤት የቀየረ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው ደግሞ «ይህ አሮጌ ነገር» የሚለውን ነው። ስለዚህ ልትቀርጹ ስትሄዱ ስለ ፎቶ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ምረቃ መጽሔት አብራችሁ ጠይቁ። የምረቃ መጽሔት ስምና ዓመት ለማመሳከር ከማንኛውም ትዝታ ይበልጣል። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ፣ ጀርባውንም ጨምሮ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእጅ የተጻፈው ቀን እዚያ ነው ያለው። የቡድን ፎቶ ላይ ስም አይጻፍም፤ ኮፒ አንስታችሁ ፊቶቹ ላይ ቁጥር ስጡ፣ ለሦስት ሰው ለየብቻ አሳዩ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ስሙን በጥያቄ ምልክት አስቀምጡ። ከሚለጠፍ አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ በኃይል አይላቀቅም፣ በፀጉር ማድረቂያም አይሞቅም፤ ገጹ እንዳለ ይነሣ። በጀርባው መጻፍ ግድ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፤ እስክሪብቶ በፊት በኩል ይወጣል። ላሚኔት ያደረገ ፎቶውን ገደለው።

ከቀረጻው ማግስት ሙሉውን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አትቸኩሉ። የአንድ ሰዓት ንግግር በአማርኛ ለመተየብ ለለመደ ሰው 6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ማውጫ ሥሩ፦ በየ5 ደቂቃው ሁለት መስመር፣ የተነሡት ስሞች፣ ቦታዎች፣ ዓመቶች። ይህ በሁለት ሰዓት ያልቃል።

ፋይሎቹን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ወይም ኢንተርኔት ላይ ይሁን። ፍላሽ አይቆጠርም። የፋይል ስም በላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ላይ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ለየፋይሉ የማረጋገጫ ቁጥር (ቼክሰም፣ ከፋይሉ ይዘት በፕሮግራም የሚሰላ ቁጥር) አውጥታችሁ መዝግቡ፣ በየመስከረሙ አወዳድሩ፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ፋይሉ ተበላሽቷልና ከሌላው ኮፒ ይተካ። ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ስታስረክቡ ፋይሉን፣ ማውጫውን፣ የፈቃዱን ወረቀትና የዓመት ሠንጠረዡን አንድ ላይ፣ በርክክብ ፊርማ ስጡ። ዝግ የተባለው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚከፈት በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።