ሁለተኛ ወር፦ ገና ከአንቀጽ 27 አልወጣሁም

ባለፈው ስጽፍላችሁ ሕገ መንግሥቱን በሳምንት ዐሥር ዐሥር አንቀጽ እያልኩ እጨርሰዋለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። 106 አንቀጽ አይደል? ይኸው ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን የሃይማኖት ነፃነት ላይ ተተክያለሁ።

ጥፋቱ የአነባበቤ ነው። አንቀጽ 11ን እንደ መፈክር ሸመደድኩት፦ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደርጋት ስለነበር ለውጡ ገባኝና አለፍኩ። አንቀጽ 27 ላይ ስደርስ ግን ንዑስ አንቀጽ 5 ገደብ አመጣብኝ። ተናድጄ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ታዲያ ምኑን ነፃነት ሆነ!» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው የነቃሁት። ገደቡ የሚነካው እምነትን መግለጽን እንጂ ማመንን አይደለም። የልብህን እምነት ማንም አይገድበውም፤ እንዲያውም ንዑስ አንቀጽ 3 በዚህ ማስገደድን ይከለክላል። መግለጹም ቢሆን የሚገደበው በሕግ ተደንግጎ፣ እንደ ሕዝብ ደኅንነት፣ ጤና ወይም የሌሎች ሰዎች መብት ላሉ በአንቀጹ ለተዘረዘሩ ምክንያቶች አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። እርሳሱን አጥፍቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቁጥር ተራ ማንበብ ትቼ አንቀጽ አንቀጽን ሲጠራ ተከትዬ እሄዳለሁ። 27(2) ወደ 90(2) ላከኝ (ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን የሚለው)፤ እሱን ቶሎ ጨረስኩ። ያልለቀቀኝ 34(5) ነው። የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። ቁልፉ «ፈቃድ» የምትለዋ ቃል ናት። በ1996 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት የወሰነው የውርስ ጉዳይ ይህንኑ ነው ያሳየኝ፦ ተከሳሿ ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም ብላ ብትቃወምም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ይዞ ወሰነባት፤ ምክር ቤቱ ግን ያለፈቃዷ የተሰጠውን ውሳኔ ሻረው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 188/1992ን ሳነብ ደግሞ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል የሚል አገኘሁ። ዝምታ ፈቃድ ነው? ሠርግ ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ መብት ለሚያጣ ሰው ግን አይመስለኝም።

የመጨረሻው ዱብ ዕዳ አንቀጽ 93 ነው። በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩት አንቀጾች 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2) ናቸው። 27 የለበትም! ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን የሃይማኖት ነፃነትን ከማይታገዱት መካከል ያስቀምጣል። (እዚያም ቁጥሩ 18 ስለሆነ ሙሉ አንድ ምሽት ተምታታብኝ፤ የእኛ 18 ስለ ኢሰብአዊ አያያዝ ነው።) አንቀጽ 13(2) መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ስለሚል፣ በዚያ በኩል መግቢያ ያለ ይመስለኛል።

እሑድ ስንገናኝ የምከራከረው በዚህ ነው። እኔ የቃል ኪዳኑን ወገን ይዣለሁ፤ አንቀጽ 93ን የሚይዝ ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ።