ባቡሩ የት ያደርሳል?

ደብረ ማርቆስ፣ የስልክ ጥገና ቤት። ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባቡር ያስኬዳል። «አሻንጉሊት ነው?» አልሁት፤ ፊቱ ጠቆረ።

በልክ የተሠራ የባቡር ሞዴል ነው፦ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ሲባዛ የአዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት፣ 1435 ሚሊ ሜትር ገደማን ይሰጣል። የድሮው መስመር 1 ሜትር ብቻ ስለነበር ለእሱ ጠበብ ያለ ሐዲድ ይፈልጋል። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ ስለሆነ አቧራ ሲይዘው ይቆማል። ስለዚህ በአልኮል ይወለውለዋል (አረቄማ አይባክንም፣ ጎጃም ነው)።

ዓይኔ የቀረው ግን ጣቢያው ላይ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ መንገደኞች ከክብሪት እንጨት ተጠርበው፣ የጥጥ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። አንዱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል።

ባትሪ ሊያስቀይሩ የመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይኸ የት ያደርሳል?»

«እስከ መስኮቱ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ እነዚህ ጋቢ ለብሰው የት ሊሄዱ ነው?»

ጎጃም ሐዲድ አልደረሰም፤ ጠጋኙም ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። በየቀኑ ከሚሳፈሩት ውስጥ ግን እንደ እሱ ለግማሽ ሚሊ ሜትር የሚጨነቅ ያለ አይመስለኝም። ቀጥሎ የሚሠራው ዓባይን የሚሻገር ድልድይ ነው፤ ካርቶኑን አጠራቅሟል።