ሪቬት እንዴት ይመታል? ለሸራ ቦርሳም ለጂንስም

የሸራ ቦርሳ እየሰፋችሁ ምትሸጡ ልጆች በውስጥ መስመር ምትልኩልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፣ ማንጠልጠያው ላይ የመታሁት ሪቬት (በመዶሻ ሚመታው ማያያዣ ብረት) ተነቀለ፣ ጠንካራ ሪቬት የት ነው ሚሸጠው? ፎቶውን ሳየው ግን ሪቬቱ ምንም አልሆነም፣ ሁለቱ ክፍሎቹ፣ ወንዴውና ሴቴው፣ እንደተያያዙ ቁጭ ብለዋል፣ የተቀደደው ጨርቁ ነው። እና ውድ ሪቬት ብትገዙም ያው ነው ሚሆነው። ሪቬት እኮ ጨርቁን ከላይና ከታች ጨምቆ ሚይዝ ነገር ነው በቃ፣ ሚጨመቅ በቂ ጨርቅ ከሌለ ወይ ዙሪያው ያለው ክር ተቆርጦ ከሆነ ምኑን ይይዛል?

መጀመሪያ ግን የትኛውን ሪቬት እንደያዛችሁ እንተዋወቅ። መርካቶ የጫማና የቦርሳ እቃ ሚሸጡ ሱቆች ስትሄዱ በብዛት ሚሰጧችሁ ሁለት ራስ ያለው ነው፣ እግር ያለው ወንዴው፣ ቆብ ሚመስለው ሴቴው፣ ስትመቱት የወንዴው እግር ጫፍ ሴቴው ውስጥ ገብቶ ይጨፈለቃል፣ አለቀ። ጂንስ ላይ ምታዩት ሌላ ነው፣ እሱ ከጀርባ አጭር ሚስማር መሳይ ነገር ጨርቁን በስቶ ፊት ለፊት ያለው ቆብ ውስጥ ገብቶ ነው ጫፉ ሚጣመመው። ሶስተኛው እኔ ምወደው ነው፣ ድፍን የመዳብ ሪቬት ከነሮንዴላው (መሀሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት)፣ የፈረስ እቃና ከባድ ቀበቶ ሚሰሩ ሰዎች ሚጠቀሙበት፣ ስራው ብዙ ነው ግን ከተመታ ተመታ ነው። አራተኛውን ማነሳው እንዳትገዙት ብዬ ነው፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሚሰሩ ሰዎች በፒንሳ እየሳቡ ሚመቱት አለ አይደል፣ እሱ ለቆርቆሮ ነው የተሰራው፣ ከጀርባ ሲያብጥ ሚደገፍበት ደረቅ ነገር ይፈልጋል፣ ጨርቅ ላይ ሮንዴላ ካላረጋችሁለት ራሱ ባበጠበት በኩል ሾልኮ ይወጣል። የጭነት መኪና ሸራ በሱ ሲጠግኑ አይቻለሁ፣ ሮንዴላ አርገውበት ነው፣ ቦርሳ ላይ ግን አያምርም።

ወደ ቀዳዳው እንምጣ፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለቆዳ ሚሆን ክብ መብሻ ይዞ ሸራውንም እንደ ቆዳ ቆርጦ ያወጣዋል። ቆዳ ክር የለውም፣ ቢቆረጥ ዙሪያው አይተረተርም። ሸራ ግን ክር ነው፣ 4 ሚሊ ቀዳዳ ስትቆርጡ እዛ ቦታ የነበሩትን ክሮች በሙሉ በጠሳችሁ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ማንጠልጠያው በተጎተተ ቁጥር የተበጠሰው ጫፍ እየተንሸራተተ ይወጣል። ስለዚህ በወስፌ ብሱት። ወስፌው ክሩን አይቆርጥም፣ ታክሲ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ እንደሚባለው ክሮቹን ግራና ቀኝ ገፍቶ ቦታ ያስለቅቃል፣ እናንተ ደግሞ ወዲያው የሪቬቱን እግር በግድ ታስገባላችሁ፣ ክሮቹም ተመልሰው እግሩን አንቀው ይይዙታል። ወስፌውን እያዞራችሁ ቀስ በቀስ ነው ምታሰፉት፣ እግሩ ልክክ ብሎ ሲገባ በቂ ነው፣ ወለል ብሎ ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል። ሸራው በጣም ድርብርብ ሆኖ ወስፌ አልገባ ካለ መብሻ መጠቀም ግድ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ከእግሩ ትንሽ ያነሰ ቀዳዳ ቁረጡና ቀሪውን በወስፌ አስፉት።

ሌላው፣ በአንድ ንጣፍ ጨርቅ ላይ ሪቬት አይመታም። አይመታም ስል ይመታል ግን አይቆይም። ጨርቁን እጠፉት፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ የሳንቲም መጠን ያላት ቁራጭ ቆዳ አስገቡ፣ ጫማ ሚሰሩ ሰዎች ጋ ሂዳችሁ ቁርጥራጭ ስጡኝ ብትሉ በነጻም በትንሽ ብርም ታገኛላችሁ። ያቺ ቆዳ ናት ጉልበቱን በሰፊው ምታከፋፍለው።

እግሩ ስንት ይርዘም? ይሄ ነገር በአይን አይገመትም፣ ሱቅ ውስጥም ሪቬት ስጠኝ ካላችሁት ያለውን ነው ሚሰጣችሁ፣ ርዝመቱን ራሳችሁ ነግራችሁ ነው መግዛት ያለባችሁ። ሪቬቱ ሚያልፍባቸውን ንጣፎች በሙሉ፣ ሸራውን፣ ማንጠልጠያውን፣ የውስጧን ቆዳ፣ አንድ ላይ ደርባችሁ በጣት ጨመቅ አድርጋችሁ ለኩ። ሁለት ራስ ላለው ሪቬት እግሩ ከዛ ውፍረት 3 ሚሊ አካባቢ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ሁሉም ተጨምቆ 5 ሚሊ ከሆነ 8 ሚሊ እግር ፈልጉ። እግሩ ሲያጥር ሴቴው ጫፉን ብቻ ነክሶ ይይዝና የሆነ ቀን ጠቅ ብሎ ይከፈታል፣ ሲረዝም ደግሞ ስትመቱት ውስጥ ለውስጥ ይጎብጥና ራሱ ጠመም ብሎ ይቀመጣል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል ግን በጣት ሲነኩት ይዞራል። ሚዞር ሪቬት ደግሞ ጨርቁን እያሻሸ ይበላዋል፣ እና ከመታችሁ በኋላ ሁሌ በጣታችሁ ለማዞር ሞክሩ፣ ከዞረ አውጡትና ሌላ ምቱ። ረጅም እግር ብቻ ካላችሁ ግን አንድ ቆዳ ጨምሩበትና ውፍረቱን አስተካክሉ፣ እግሩን በሞረድ ለማሳጠር መድከም ዋጋ የለውም፣ ባዶ ቱቦ ስለሆነ አፉ ይበላሻል።

የመዳቡ ግን እግሩ ድፍን ስለሆነ እንደፈለጋችሁ ይቆረጣል። እግሩን ታስገቡና ሮንዴላውን ጨርቁ ላይ እስኪጣበቅ ትገፉታላችሁ፣ እሺ ብሎ አይገባም፣ ቀዳዳ ያለው ብረት ከላይ አርጋችሁ በመዶሻ ነው ሚወርደው። ከዛ ከሮንዴላው በላይ 2 ሚሊ አካባቢ አስቀርታችሁ ትርፉን በመቁረጫ ፒንሳ ትቆርጣላችሁ፣ የቀረውን ደግሞ አፉ ድቡልቡል በሆነ መዶሻ ዳር ዳሩን ቀስ እያላችሁ ስትደበድቡት እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ሮንዴላው ላይ ይተኛል። እዚህ ጋ ጉልበት አያስፈልግም፣ ትዕግስት ነው።

ምትመቱበት ቦታ ራሱ ግማሽ ስራ ነው። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ከመታችሁ ጠረጴዛው እየነጠረ ጉልበቱን ይበላባችኋል፣ ከዛ አስር ጊዜ ስትደጋግሙ ሪቬቱ ይጣመማል። ምናለሽ ተራ ወፍራም የብረት ቁራጭ ፈልጋችሁ ግዙ፣ እሱን መሬት ላይ ወይ የጠረጴዛው እግር ባለበት ጥግ ላይ አስቀምጡ። የታችኛው ራስ እንዳይደፈጠጥ ጎድጎድ ያለ ማስቀመጫ፣ ከላይም አፉ ጎድጎድ ያለ መምቻ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ከሪቬቱ ጋር አብሮ ይሸጣል። መምቻውን ቀጥ አርጋችሁ ያዙና አንድ ሁለቴ ጠንከር አርጋችሁ ምቱ። ኮንዶሚኒየም ምትኖሩ ማታ አትሞክሩት እንጂ፣ የታች ቤቱ ሰውዬ በር ያንኳኳል 😂

በነገራችን ላይ ይሄን ነገር ሱሪ ላይ ያመጣው ፋብሪካ አይደለም፣ ጄኮብ ዴቪስ ሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ሪጋ ተወልዶ አሜሪካ የገባ፣ ኔቫዳ ውስጥ ሬኖ ሚባል ከተማ ሚሰራ ሰው ነበር። በፈረንጆቹ 1870 ማለቂያ አካባቢ የአንድ እንጨት ቆራጭ ሚስት መጥታ ለባሌ የማይቀደድ ሱሪ ስፋልኝ ትለዋለች፣ ሰውየው ደግሞ ለፈረስ ልብስ ጠፍር መምቻ ሚጠቀምበት የመዳብ ሪቬት እጁ ላይ ነበረ፣ ኪሱ ጥግ ላይ መታበት። ሱሪው ሲወደድበት ሰው እንዳይቀዳው ፓተንት (የፈጠራ መብት) ማውጣት ፈለገ፣ ገንዘቡ ስላልነበረው ጨርቅ ሚሸጥለትን የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ ሊቫይ ስትራውስን አብረን እናውጣ ብሎ ጻፈለት፣ ሜይ 20 ቀን 1873 ቁጥሩ 139,121 የሆነ ፓተንት ተሰጣቸው።

እኔን ሚገርመኝ ዴቪስ ሪቬቱን የት የት እንደመታው ነው። ሱሪውን በሙሉ ብረት አላደረገውም፣ ሚጎተትበት ቦታ ላይ ብቻ፣ የኪስ ጥጎችና የፊት መክፈቻው ስር። በኋላ ደግሞ ራሳቸው የሊቫይ ስትራውስ ድርጅት ሰዎች እየቀነሱ ነው የመጡት፣ የኋላ ኪሱ ሪቬት ኮርቻና ወንበር እየቧጨረ ሰው ስላማረረ 1937 ላይ ከጨርቁ ስር ደበቁት፣ 1960ዎቹ ውስጥ ጭራሽ አውጥተው በድርብርብ ስፌት ተኩት፣ የፊት መክፈቻው ስር ያለው ደግሞ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለመቆጠብ ቀረ። እናንተ ግን አንዲት ትንሽ ቦርሳ ላይ አስራ ምናምን ሪቬት ትደረድራላችሁ፣ ሁለቱ ማንጠልጠያውን ይዘዋል፣ የቀሩት ለፎቶ ናቸው። እያንዳንዱ ሪቬት ቀዳዳ ነው እኮ! ስፌት ሚችለውን ለስፌት ተዉለት። ማንጠልጠያ ላይም ብትሆን መጀመሪያ አራት ማዕዘን ሰፍታችሁ መሀሉ ላይ ኤክስ ስሩና ከዛ ሪቬቱን ከጫፍ 1 ሴንቲ ያህል ገባ አርጋችሁ ምቱ፣ ጠርዝ ላይ ከመታችሁት ያው ይተረተራል።

ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ነሐስ ነው ይላችኋል፣ ማግኔት ከሳበው ነሐስ የተቀባ ብረት ነው፣ ቅቡ ሲለቅ ይዝጋል፣ ነጭ ሸራ ላይ ደግሞ ዝገት አንዴ ከገባ በረኪናም አያስለቅቀው፣ እንደውም በረኪና ዝገቱን ያብስበታል። ማይታጠብ ነገር ላይ ከሆነ ችግር የለውም፣ የልጅ ልብስና ሚታጠብ ቦርሳ ላይ ግን አትምቱት። ቆዳ ላይ ሚነካ ቦታ ከሆነ ደግሞ ኒኬል ሚያሳክካቸው ሰዎች ስላሉ ከውስጥ በኩል ጨርቅ ሸፍኑለት።

የተበላሸ ሪቬት ማውጣት ለሚከብዳችሁ፣ በፒንሳ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ጨርቁን ይዞ ነው ሚመጣው። በመቁረጫ ፒንሳ የሴቴውን ቆብ ከጎን ነክሳችሁ ጨፍልቁት፣ ይከፈታል። እምቢ ካለ በትራፓኖ በቀጭን መሰርሰሪያ ከራሱ መሀል ብሱት፣ ሪቬቱ አብሮ እንዳይሽከረከር ሞርሳ ላይ አስራችሁት። ከዛ በዛው ቀዳዳ ሌላ ከመምታታችሁ በፊት ከውስጥ አዲስ ቆዳ ጨምሩበት፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ ደግሞ ራሱ ሰፋ ያለ ሪቬት ፈልጉለት ወይ ቦታውን ጠግናችሁ ሰፍታችሁ ሁለት ሴንቲ ፈቀቅ ብላችሁ ምቱ።